መሬት ሳትገዙ ትንሽ ጫካ መያዝ፦ ለድሬና ለሐረር ሰው

አቦ "ደንገጎ ላይ ዛፍ ያለበት አንድ ሄክታር ይሸጣል፣ ካርታ የለውም ግን ሽማግሌ ይፈርምላችኋል" ብሎ የሚደውል ደላላ ካለ ቀብድ እንዳትሰጡት። በዚህ አገር መሬት አይሸጥም። ይሄ የቀበሌ መመሪያ ምናምን አይደለም፣ የ1987ቱ ህገ መንግስት አንቀፅ 40 ንኡስ አንቀፅ 3 ነው፣ የገጠርም ሆነ የከተማ መሬት የመንግስትና የህዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ብሎ ቁጭ አርጎታል። ሽማግሌ ቢፈርም፣ ሼኹም ቄሱም ቢመርቁት፣ ብሩ በባንክ ቢተላለፍ ያው ነው። ነገ የሻጩ ልጅ አድጎ ቢከሳችሁ እጃችሁ ላይ ያለው ወረቀት ፈራሽ ነው፣ ያወጣችሁትን ብር ለማስመለስ ራሱ ስንት አመት ትመላለሳላችሁ።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ "በቃ አይቻልም" ብሎ ይተወዋል። ግን እዛው አንቀፅ ላይ ወረድ ብላችሁ ንኡስ 7ን እዩት። ማንም ኢትዮጵያዊ መሬት ላይ በጉልበቱ ወይ በገንዘቡ ለሚያመጣው ቋሚ ንብረትና ቋሚ ማሻሻል ሙሉ መብት አለው፣ መሸጥ መለወጥ ማውረስ ይችላል ይላል። መሬቱ ያንተ አይደለም፣ ያለማህበት ግን ያንተ ነው ማለት ነው። ከዛ ደሞ በ2010 የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 የግል ደን የሚባል ነገር እንዳለ በግልፅ ያውቃል፣ ከማህበርና ከማህበረሰብ ደን ጋር አብሮ አስቀምጦታል። ስለዚህ እዚህ ጫካ መያዝ ማለት ጊዜና ዛፍ የማልማት መብት መያዝ ማለት ነው፣ ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ ከዚህ ነው የሚነሳው።

መጀመሪያ ግን ለምን እንደፈለጋችሁት ቁርጡን እወቁ። ቅዳሜና እሁድ ከድሬ ሙቀት ሸሽቶ ጥላ ስር ምንጣፍ ዘርግቶ ሻይ መጠጣት፣ ልጆች እንዲሮጡ፣ ከፈለጋችሁም ጓደኛ ሰብስቦ በርጫ ማድረግ ብቻ ከሆነ ሩብ ሄክታርም ይበዛል፣ እውነቱን ለመናገር ለዛ የዘመድ ጓሮም ይበቃል። ወፉ እንዲመለስ፣ ጎርፍ የቆራረጠው ቁልቁለት እንዲድን፣ ወይራው እንደገና እንዲበቅል ከሆነ ሀሳባችሁ ግን ግማሽም ሁለትም ሄክታር ያስፈልጋል፣ ያ ደሞ የብዙ አመት ስራ ነው። ስትነጋገሩ በሄክታር ወይ በካሬ ተነጋገሩ፣ ጥማድ የሚባለው ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ሁለታችሁም የተለያየ ነገር እያሰባችሁ ልትጨባበጡ ትችላላችሁ።

ሌላው፣ ቦታው የማን አስተዳደር ስር እንደሆነ። ከድሬ ተነስታችሁ ሐረር እስክትደርሱ ባለችው 50 ምናምን ኪሎ ሜትር ውስጥ የድሬዳዋ አስተዳደርን፣ ኦሮሚያን ማለትም ምስራቅ ሐረርጌን፣ ከዛ ሐረሪን ታልፋላችሁ፣ ወደ ሺኒሌ ከወረዳችሁ ደሞ ሶማሌ ክልል ነው። የፌደራሉ የገጠር መሬት አዋጅ አለ፣ አሁን የሚሰራው በ2016 የወጣው ቁጥር 1324 ነው፣ ግን ዝርዝሩን የሚያወጣውም የሚያስፈፅመውም ክልሉ ነው። ቋንቋውም ይለያል፣ ድሬዳዋ ላይ ውሉን በአማርኛ ትፅፋላችሁ፣ ኦሮሚያ ወረዳ ላይ በአፋን ኦሮሞ ነው። የማታነቡትን ወረቀት አትፈርሙ፣ የሚያነብላችሁ ሰው ደሞ ከናንተ ወገን ይሁን፣ ደላላው ራሱ አስተርጓሚ ሆኖ እንዳይቀመጥ።

አሁን መንገዱ። እኔ እንደማየው አራት አለ፣ ሁሉም እኩል አይደሉም።

አንደኛው ቤተሰብ ነው። ዋሂል ወይ ቢዮ አዋሌ ወይ ኤረር በኩል ይዞታ ያለው አባት፣ አጎት፣ አያት ካለ ከማንም በፊት እሱን አናግሩ። የገጠር ይዞታ ውርስና ስጦታ ለቤተሰብ ነው የሚፈቀደው፣ ማን ቤተሰብ እንደሚባል ክልሉ የራሱ ትርጉም ስላለው ወረዳ መሬት ፅህፈት ቤት መጠየቅ ነው። ብዙ የድሬ ልጅ አያቱ ቁልቁለት ላይ የተተወ ድንጋያማ መሬት እንዳላቸው እያወቀ ለሌላ ሰው መሬት ኪራይ ሊከፍል ይሯሯጣል፣ ይገርመኛል።

ሁለተኛው ከገበሬ መከራየት ነው፣ ትንሽ ጫካ ለሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይሄ ነው። እዚህ ላይ ትልቁ ጣጣ ዘመኑ ነው። በኦሮሚያ አዋጅ 130/1999 ለምሳሌ ገበሬው ከይዞታው ከግማሽ በላይ ማከራየት አይችልም ነበር፣ ዘመኑም በባህላዊ አስተራረስ ለሚሰራ እስከ 3 አመት በዘመናዊ ለሚሰራ እስከ 15 አመት ነበር። አሁን የሚሰራበትን ቁጥር ከወረዳው ጠይቁ፣ ግን መንፈሱ ይሄ ነው፣ ለዘላለም አይሰጣችሁም። ሶስት አመት ለዛፍ ምንም አይደለም፣ ፅድ በሶስት አመት ገና ልጅ ነው። ስለዚህ ረጅሙን ዘመን የሚያስገኘውን መስመር ያዙ፣ ውሉ ላይም አላማው ደን ልማት መሆኑን በግልፅ አስፅፉ።

ውሉ ውስጥ መግባት ያለበት ነገር ሰው የሚረሳው ነው። ዘመኑ ሲያልቅ ዛፉ የማን ነው? ገበሬው ገዝቶ ያስቀራል? ቆርጣችሁ ትወስዳላችሁ? ግማሽ ግማሽ? ለጥበቃ ብላችሁ ከሆነ የምትሰሩት ደሞ ቆርጦ መውሰድ ትርጉም የለውም፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው ድርሻ ስጡት። ለምሳሌ አገር በቀሉ ዛፍ አይቆረጥም፣ ከዳር የሚተከለው ባህር ዛፍ ወይ ግራቪሊያ ግን የባለይዞታው ነው፣ ሳሩም የሱ ነው። እንደዚህ ሲሆን ዛፉ እንዲቆይ እሱም ይፈልጋል። ከዛ መንግስት ለመንገድ ወይ ለፋብሪካ ቦታውን ቢወስደው ካሳው ለማን እንደሚሄድ ፃፉት፣ የካሳ አዋጁ 1161 ለቋሚ ተክል ካሳ ያስከፍላል፣ ግን ውላችሁ ዝም ካለ ተጣልታችሁ ነው የምትካፈሉት። ድሬ ዙሪያ ደሞ ይሄ የሩቅ ነገር አይደለም፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ነፃ ንግድ ቀጠናው፣ ባቡሩ፣ ሲሚንቶው፣ ከተማው ወደ ሜዳው እየሰፋ ነው፣ ስለዚህ ሜዳ ላይ ያለ ቦታ ከመያዛችሁ በፊት ፕላኑን ጠይቁ።

ሚስት ደሞ አትረሱ። ይዞታው የባልና የሚስት ከሆነ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ የሁለቱም ስም ፎቶአቸውም አለ፣ ባል ብቻውን ፈርሞ ያከራየው ውል አንድ ቀን ይፈርሳል። ሁለቱም ይፈርሙ፣ ለአቅመ አዳም የደረሱ ልጆች ካሉም ቁጭ ብለው ይስሙ። ደብተሩን ካያችሁ በኋላ ወረዳ ሄዳችሁ መዝገቡ ላይ ያለውን ስምና ስፋት አመሳክሩ፣ ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው ተለክቶ የወጣ ካርታ ካለው በጣም ጥሩ። ከዛ ድንበሩን በእግራችሁ ዙሩ፣ ጎረቤቶቹም ባሉበት። "እስከዛች ቁልቋል ድረስ ነው" የሚል ድንበር ላይ ቁልቋሉ ሁለት መሆኑን እዛው ነው የምታዩት። መጨረሻ ላይ ውሉ ወረዳ ካልተመዘገበ እንዳልተፈረመ ቁጠሩት።

ሶስተኛው ኢንቨስትመንት ነው፣ ላይሰንስ፣ የፕሮጀክት ፅሁፍ፣ የአካባቢ ተፅእኖ ጥናት፣ ካፒታል። ሎጅ ወይ ትልቅ ደን ለማልማት ለሚያስብ ይሁን፣ ለሳምንት መጨረሻ ጥላ ብሎ እዚህ ውስጥ መግባት ራስን ማድከም ነው።

አራተኛው ማህበር ነው፣ እኔ ለጥበቃ ለሚያስብ ሰው የምመርጠው ይሄን ነው። የተፈጥሮ ደን የሆነ፣ አሁን ዛፍ የቆመበት ቦታ ለግለሰብ አይሰጥም ብላችሁ አስቡ፣ አብዛኛው የመንግስት ወይ የማህበረሰብ ነው። የቀበሌው ሰው ከልሎት ከብት እንዳይገባ ያረገው ተራራ ግን ሁልጊዜ ለጠባቂ ደሞዝ፣ ለችግኝ፣ ለቀፎ የሚሆን ብር ያጥረዋል። አስር ሆናችሁ ከነሱ ጋር በአሳታፊ ደን አስተዳደር ስምምነት ብትገቡ ወጪውን ተካፍላችሁ ትልቅ ጫካ ውስጥ የመሄድና የማረፍ መብት ልታገኙ ትችላላችሁ። "የኔ" ማለት አትችሉም እንጂ። አንድ ነገር ግን፣ ባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ክልል ውስጥ ያለ ቦታ በምንም መልኩ ቢሰጣችሁ አትንኩት፣ እዛ ስንት ሰው ገብቶ ሰፍሮ ዝሆኖቹ መሄጃ አጥተዋል።

ቦታ ምርጫ ላይ። ውሀ የሚገባው የጫት ማሳ አጠገብ አትፈልጉ። ጫት በአመት ከአንዴ በላይ እየተቆረጠ አወዳይ ሄዶ ብር ሆኖ ይመለሳል፣ ማንም ገበሬ ያንን ነቅሎ ለናንተ ወፍ ዛፍ አይተክልም፣ ቢተክልም ኪራዩን አትችሉትም። የምትፈልጉት የማይታረሰውን ነው፣ ቁልቁለቱን፣ ድንጋያማውን፣ ክትክታና አጋም የወረሰውን። የ1997ቱ አዋጅ 456 ራሱ ከ60 በመቶ በላይ ተዳፋት ያለው መሬት አይታረስም ከብትም አይለቀቅበትም፣ ለዛፍና ለመኖ ነው የሚውለው ብሎ ነበር፣ ገበሬውም ቢሮውም እንደዚህ ያለውን ቦታ ለደን ሲጠየቁ ቶሎ ይግባባሉ። እነዚህ ቁልቁለቶች ደሞ ዋጋቸው ለኛ ለከተሜዎቹ ነው። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ድሬ ላይ ከ200 በላይ ሰው የወሰደው ጎርፍ ከላይ ከተራራው ነው የወረደው፣ ያ ተራራ ቢለብስ ኖሮ ውሀው እንደዛ አንዴ አይወርድም ነበር። ሐረማያ ሀይቅም ሲደርቅ ከፓምፑ ጋር ተደምሮ ከተራቆተው ጋራ የወረደው አፈር ድርሻ ነበረው።

ከዚሁ ጋር፣ ደረቅ አሸዋ ወንዝ ዳር ያለ ቦታ ቆንጆ ነው ሜዳ ነው መኪና ይገባል፣ ግን ማረፊያችሁን አሸዋው ላይ አትስሩ፣ እናንተ ጋ ሰማዩ ጠርቶ ከላይ ተራራው ላይ ዘንቦ ጎርፍ ሊወርድ ይችላል። መንገዱንም እዩ፣ ባጃጅ እስከየት ይደርሳል፣ ክረምት ላይስ? ኔትወርክ አለ? ቅርብ ያለው ሰፈር ስንት ሰአት በእግር ነው? ብዙ የራቀ ጫካ ማንም አይጠብቀውም፣ እናንተም በሁለተኛው አመት መሄድ ታቆማላችሁ።

አሁን ዛፉ። ሁሉም ሰው ችግኝ ገዝቶ መሮጥ ይፈልጋል። አትቸኩሉ፣ የመጀመሪያው አመት ስራ ፍየል ማስቆም ነው። ደረቅ የሚመስል ቁልቁለት አፈሩ ውስጥ ዘርም ስርም አለው፣ ፍየልና መጥረቢያ ከቆመለት በአንድ ሁለት ክረምት ግራሩ፣ ክትክታው፣ ቁርቁራው ራሱ ይነሳል፣ ሳሩማ ወዲያው ነው። ወይራ ደሞ ሜዳ ላይ ብቻውን ስትተክሉት ብዙ ጊዜ ይሞታል፣ አጋም ወይ ክትክታ ስር ተሸሽጎ ነው ደህና የሚያድገው፣ ስለዚህ ቁጥቋጦውን "ላፅዳው" ብላችሁ አትመንጥሩት። የጎደለውን ነው የምትተክሉት።

ምን ይተከል የሚለው ከፍታ ነው የሚወስነው። ድሬ ራሷ 1200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሐረር ወደ 1900 ትጠጋለች፣ በአንድ ሰአት መንገድ ከቆላ ወይና ደጋ ትወጣላችሁ። ታች ላይ ግራር፣ ሁመር፣ ቁርቁራ፣ በደኖ፣ ለማረፊያው ጥላ ደሞ ኒምም ይሆናል። የድሬዳዋ ዛፍ የምንላትን ቀይ አበባዋን በር ላይ አንድ ሁለት ትከሉ፣ ከውጭ የመጣች ነች፣ ግን ድሬ ያለሷ ምን ድሬ ናት። ላይ ከሐረማያና ከሐረር በኩል ፅድ፣ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ የማሳ ዳር ላይ ደሞ ገርቢ፣ ጥላ ካገኛችሁ በኋላ ስሩ ጥቂት ቡና። ባህር ዛፍ አልጠላም፣ ማገዶና አጠና ነው፣ ግን ከውሀ ምንጭ አርቁት፣ ጫካ ብላችሁ ባህር ዛፍ ብቻ ከሞላችሁት ወፍ አትጠብቁ።

አተካከሉን በአጭሩ። ጉድጓዱ ዝናብ ሳይመጣ በበጋ ይቆፈራል፣ ቁልቁለት ላይ ከሆነ ከታች በኩል በግማሽ ክብ አፈርና ድንጋይ ክመሩበት፣ የሚወርደው ውሀ እዛ እንዲቆም፣ ባለሙያዎቹ አይብሮው ቤዚን ይሉታል። እኛ ጋ ዝናቡ ሁለት ነው፣ የመጋቢት ሚያዝያውና የክረምቱ። በበልግ አትትከሉ፣ ሊያታልል ይችላል፣ ከዛ ግንቦት ሰኔ ላይ ይደርቅባችኋል። ክረምቱ ገብቶ አፈሩ ሲረጥብ ሐምሌ ላይ ነው። ፕላስቲኩን ቀዳችሁ አውጡት፣ ስንቱ ችግኝ ነው ከነፕላስቲኩ ተቀብሮ "አረንጓዴ አሻራ" ተብሎ ፎቶ የሚነሳው። የግራር ዘር ካላችሁ ችግኝም አያስፈልግም፣ ውሀ አፍልታችሁ ከእሳት አውርዱና ዘሩን ጨምሩበት፣ እዛው ይደር፣ ጠዋት ቦታው ላይ ዝሩት። ታች ቆላ ከሆናችሁ የመጀመሪያው በጋ ላይ ውሀ ካላጠጣችሁ ግማሹም አይተርፍም፣ ስለዚህ በአህያ ጄሪካን አስጭናችሁ ማጠጣት የምትችሉትን ያህል ብቻ ትከሉ።

ጠላቶቹ ሶስት ናቸው። አንደኛው ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሀማ ወራሪ ዛፍ፣ እሱማ የኛው ጉድ ነው፣ አገር ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ከተተከለባቸው ቦታዎች አንዱ እዚሁ ድሬ ጎሮ ችግኝ ጣቢያ ነው፣ ከዛ አፋርን ምን እንዳረገው ታውቃላችሁ። ፍሬውን ግመልና ፍየል በልተው በፋንድያ ይዘሩታል። ከላይ ብትቆርጡት በእጥፍ ይበቅላል፣ አፈሩን ቆፍራችሁ ከስሩ አንገት በታች ነው የሚቆረጠው፣ ትንሽ ሳለ ደሞ በእጅ ይነቀላል። ሁለተኛው ገበሬው ፈረምሲሳ የሚለው ፓርቲኒየም አረም፣ አበባ ሳያወጣ ንቀሉት፣ ጓንት አርጉ ያሳክካል፣ አፍንጫም ይዘጋል። ሶስተኛው የወፍ ቆሎ፣ አበባው ያምራል ሰው ለአጥር ይተክለዋል፣ ወፍ ፍሬውን በልቶ ጫካውን ያለብሰዋል። ለአጥር ቅንጭብ ወይ አጋም ይሻላል።

አጥር ስል ግን የሽቦ አጥር ላይ ብር አታቃጥሉ፣ ሽቦው ራሱ ይሰረቃል። ጠባቂ ቅጠሩ፣ ከባለይዞታው ቤት ወይ ከቅርቡ ጎረቤት፣ ከሌላ ሰፈር ሰው አምጥታችሁ አታስቀምጡ። የሱ ደሞዝ ነው ከኪራዩም ከችግኙም በላይ በየአመቱ የሚበላችሁ፣ ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት የአምስት አመቱን አስቡት። ሌላው ሰው ደሞ ከቦታው ምን ያጣል ብላችሁ ጠይቁ፣ ከብት ያሰማራ የነበረው፣ ማገዶ ለቅማ በጀርባዋ ተሸክማ ድሬ ገበያ የምትሸጠው ሴትዮ። ለሱ ሳሩን አጭዶ ይውሰድ፣ ለሷ የደረቀውንና የወደቀውን በሳምንት በታወቀ ቀን ትልቀም። ይሄን ካልፈታችሁ በቀን ያልገባው ፍየል በሌሊት ይገባል፣ መጥረቢያውም እንደዛው። ቀፎ ብትሰቅሉና ማሩን ብትካፈሉ ደሞ ሰፈሩ ጫካውን በሌላ አይን ያየዋል።

ከመትከላችሁም ከመቁረጣችሁም በፊት ሽማግሌዎቹን ስለቦታው ጠይቁ። ትልቅ ዋርካ ወይ ሾላ ካለ ሰው የሚፀልይበት የሚመራረቅበት ሊሆን ይችላል፣ ሐረር ዙሪያ ደሞ አዋች፣ ማለትም ሰው ዚያራ የሚሄድበት የወሊዮች ቦታ፣ አለ፣ የሰው ዚያራ መንገድ ላይ አጥር አይታጠርም። የሚመጣውን ሰው አሳልፉት፣ ባለ አዋች ዛፍን ማንም አይቆርጠውም፣ ለናንተም ጥበቃ ነው።

ለማረፊያ ትንሽ ስሩ። የእርሻ ወይ የደን መሬት ላይ የሲሚንቶ ቤት ከተነሳ ውላችሁን ነው የሚያፈርሰው፣ ህገወጥ ግንባታ ተብሎ ይመጣሉ። የእንጨት ዳስ፣ ከውሀ መውረጃ የራቀ የጉድጓድ ሽንት ቤት፣ ድንጋይ የተከበበ ምድጃ፣ በቃ። ከጥር እስከ መጋቢት ሳሩ ደርቆ ስለሆነ ቡናውን ቤት አፍልታችሁ በፔርሙዝ ውሰዱት፣ እሳት አታንድዱ። ጅብ ካያችሁ ለሐረር ሰው አላስተምርም፣ የምግብ ትርፍራፊ ግን ጥላችሁ አትሂዱ፣ ጅቡ ባይመጣ ዝንጀሮው ይመጣል፣ አንዴ ከለመደ የጎረቤት ማሽላ ላይ ነው የሚወጣው፣ ፀቡ ደሞ ከናንተ ጋር ይሆናል።

የተከላችሁትን ሁሉ በየአመቱ ፎቶ አንሱ፣ ዝርያውንና ብዛቱን ፅፋችሁ ለወረዳው የደን ባለሙያ አንድ ኮፒ ስጡና ማህተም አስመቱበት። ፅድ፣ ዝግባ፣ ዋንዛ፣ ኮሶ የመሳሰሉትን ህጉ ለይቶ ሲጠብቃቸው ነው የኖረው፣ አንድ ቀን የወደቀ ዋንዛ በአይሱዙ ጭናችሁ ስትወርዱ ኬላ ላይ "ከየት ቆረጣችሁት" ሲሏችሁ የራሳችሁ ተከላ መሆኑን የሚያሳየው ያ ወረቀት ነው። ውሉም ሊያልቅ አንድ አመት ሲቀረው እድሳቱን ጀምሩ፣ ባለይዞታው አርጅቶ ከሆነ የሚወርሰውን ልጅ ቀድማችሁ ተዋወቁ፣ እሱ ደግሞ ምናልባት ድሬ ለገሀር ሱቅ ያለው ጎረቤታችሁ ሊሆን ይችላል።